ሀያም «ይዟል» ያለች ቀን

«አንቺ ሰዓት ከመቁጠር ሌላ ምን ትችያለሽ? ዝም ብለሽ የመለኪያውን መርፌ እዪ» አለ ኦልያድ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

ሌሎቹ ሁለት የክለቡ ልጆች ሳቁ። የአስረኛ ክፍሏ ሀያም በትምህርት ቤቱ የቴክኖሎጂ ክለብ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ነበረች፤ የክለቡ መሪ ኦልያድ ደግሞ ከገባችበት ቀን ጀምሮ በደግ ዓይን አይቷት አያውቅም።

ጠረጴዛው ላይ ለድሮን ውድድር የሚሠሩት ክንፍ ቅርጹን የሚይዝበት ሞልድ አለ። ካርቦን ፋይበሩ እንደ ጨርቅ በአራት ድርብ ተነጥፎበት፣ ከላይ ፕላስቲክ ለብሶ፣ ዙሪያው በፕላስተር ታሽጓል። ፓምፑ አየሩን ስለመጠጠው ፕላስቲኩ ጨርቁ ላይ ልጥፍ ብሏል። ቀጥሎ ሬዚን የሚባለው ፈሳሽ ሙጫ በቱቦ ይገባና ጨርቁን ያርሰዋል፤ ሲደርቅ ይጠነክራል። ከዚያ በፊት ግን ፓምፑ ጠፍቶ አስር ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። የአየር ግፊት መለኪያው መርፌ ካልተነቃነቀ አየር አይገባም ማለት ነው፤ ያኔ «ይዟል» ይባላል።

በአራተኛው ደቂቃ መርፌው ወደ ዜሮ መንሸራተት ጀመረ። በጣም በዝግታ።

«እ? ያዘ ወይስ አልያዘም?» አለ ኦልያድ፣ አጎንብሶ ሬዚኑን እየበጠበጠ። «ወይስ መርፌ ማንበብም ላስተምርሽ?»

እንደገና ሳቁ። ሀያም ፊቷ ጋለ።

«ይዟል» አለች።

በማግስቱ ክንፉ ከሞልዱ ሲላቀቅ መሐሉ ላይ ሬዚን ያልነካው ቦታ ታየ። የክለቡ ኃላፊ ቲቸር ስብሐት በጥፍራቸው ሲጭሩት ጨርቁ ተተረተረ። ሌላ ካርቦን ፋይበር አልነበረም። ውድድሩ አምስት ቀን ቀርቶታል።

«አየር ገብቶበታል» አሉ።

«አልገባም፣ ቲቸር። ይዞ ነበር። ሀያም አይታዋለች» አለ ኦልያድ። ስሟን ያለ ስድብ ሲጠራ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

ቲቸር ስብሐት ወደ እሷ ዞሩ። «ይዞ ነበር?»

«ይዞ ነበር» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«እንግዲያው ሬዚኑን በትክክል አልበጠበጥከውም» አሉት ኦልያድን። «ጓንትህን አውልቅ። ከዛሬ ጀምሮ ክለቡ ውስጥ የለህም።»

ኦልያድ ጓንቱን ወርውሮ ወጣ።

ማታ ወደ ታክሲ ሲሄዱ ሀያም ለጓደኛዋ ለልዩ ሁሉንም ነገረቻት።

«ይበለው» አለች ልዩ። «ደግሞ ማን ያውቃል? መርፌውን ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። በቃ፣ ዝም በይ።»

ሀያምን የከነከናትም ይኸው ነበር፤ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ኦልያድ ታክሲ መያዣው ጋ ብቻውን ቆሟል። ሲያያት ምራቁን እንትፍ አለ። «አሁን ደስ ይበልሽ። ቦታው ላንቺ ተለቀቀልሽ።»

ጠላችው። ይቅርታ ልትለው አስባ ከነበረም ያን ጊዜ ጠፋ። የቀጨኔ ታክሲ መጣ፤ ልዩ ገብታ ቦታ ያዘችላት።

«ሂጂ፣ ነገ እንገናኝ» አለቻት ሀያም፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ዳገት ዞራ።

ስትደርስ ቲቸር ስብሐት ቢሯቸውን እየቆለፉ ነበር። ላቧን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች።

«ቲቸር፣ ስለ ክንፉ የምነግርዎት ነገር አለ።»

«መሽቷል ልጄ። ነገ ነይ።»

«ነገ ከሆነ አልናገረውም» አለች።

ቲቸር ስብሐት በሩን መልሰው ከፈቱት።