በዐቢይ ጾም የተሰማው ከበሮ

አድማሴ ሞቶ የተገኘው በታሸገ ጠጅ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ጓዳው ከአለት የተፈለፈለ፣ መስኮት አልባ፣ ወለሉ ከደጁ ዝቅ ያለ ነበር። የቀበሌው ጥበቃዎች ጠዋት የውጭውን መቀርቀሪያ ስበው ሲከፍቱ በሩ ሥር ተደፍቶ አገኙት። መርማሪ እስኪመጣ ምንም እንዳይነካ ተብሎ በሩ መልሶ ተዘጋ።

በማግስቱ መርማሪው መቶ አለቃ ሙሉሃብት ከኮን በበቅሎ ላሊበላ ደረሰ። የጠጅ ቤቱ ባለቤት ገለቴ እጆቿ ታስረው ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ሟቹ የቀበሌው የንግድ ፈቃድ ኃላፊ ነው። «ሌሊት ሰፈሩን ታውካለች» በሚል አቤቱታ ቤቷን ያሸገውም እሱ ነው። እስረኛ የሚጭነው መኪና ማታ ይመጣል፤ በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው የሚያውቅ የለም።

ሙሉሃብት ጧፍ ለኩሶ ገባ። በሬሳው ላይ ቁስል የለም፤ መዳፎቹ ግን አብጠው ጠቁረዋል። ጠጅ የሚብላላባቸው በርሜሎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አንድ ባዶ በርሜል ብቻ ተገልብጧል፤ አቧራው ላይ የመዳፍ አሻራ ሞልቷል። መርማሪው ጧፉን ወደ ወለሉ አወረደው። ጠፋ። እንደገና ለኩሶ አወረደው። እንደገና ጠፋ።

ወጥቶ ገለቴ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ያን ሌሊት የት አደሩ?»

«እህቴ ዘንድ፣ ላይኛው መንደር። ቤቴ ታሽጎ የት ልደር?»

«ምን ሰሙ?»

«ከበሮ» አለች። «በጾም ከበሮ! ተከናንቤ አማተብኩ።»

አዝማሪው ከፋለም ተጠርጥሯል፤ አድማሴ «ጩኸት አበዛህ» ብሎ መሰንቆውን ወርሶበት ነበርና።

«እኔም ሰምቻለሁ። ግን ምቱ ልክ የለውም፤ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይሰንፋል። የሰው እጅ አይመስልም።»

«ወጥተህ አላየህም?»

«ጌታዬ፣ ደጅ የሰዓት እላፊ ጥይት አለ፣ አለቱ ውስጥ ከበሮ የሚመታ አለ። በየትኛው ልሙት?»

ጠጅ ቤቱን ደጋግመው ያወገዙት መሪጌታ ገብረመስቀል ቁልፍ አውጥተው አሳዩት። «የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ጾሙ ሲገባ ዕቃ ቤት ገብቷል። በዚህ ጾም ከበሮ አይመታም።»

«ታዲያ የሰሙት ምን ነበር?»

«ከዚያ ወዲህ ዳዊት እየደገምኩ ነው። አትጠይቀኝ ልጄ።»

የመጨረሻው ተጠያቂ አቤት ባዩ አረጋ ነበር። ቤቱ ከጓዳው ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ከሁለት ዓመት በፊት ልጁ ከዚህ ጠጅ ቤት ሲወጣ በሰዓት እላፊ ተይዞ ሳይመለስ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ አረጋ በየስብሰባው እየተነሳ «ብርሌ ሲጋጭ እንኳ ያነቃኛል» ይላል።

«አቶ አረጋ፣ ያን ሌሊት ምን ሰሙ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ቤቱ ታሽጎ የለ? ምን ይሰማል?»

ሙሉሃብት ሁሉንም ጓዳው ደጅ ሰበሰባቸው።

«ጠጅ ሲብላላ የሚያወጣው አየር ከባድ ነው፤ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ጧፌን ያጠፋው እሱ ነው፤ አድማሴንም እሱ አፍኖታል። ጤነኛ ሰው ግን ራሱን ሲያዞረው ይወጣል። አድማሴ መውጣት አልቻለም፤ በሩ ከውጭ ተቀርቅሮበታል። ስለዚህ በርሜል ገልብጦ መታ። ከበሮ ያላችሁት እሱን ነው፤ ድረሱልኝ እያለ ነበር።»

ገለቴ በታሰሩ እጆቿ አፏን ያዘች።

«ራሱ ያሸገውን ቤት ለምን ከፍቶ ገባ? አሁንም ጓዳ ውስጥ ሰው አለ ብሎ የነገረው ስላለ ነው። በዚህ ሰፈር እንዲህ የሚል አንድ ሰው ነው። ያም ብቻ አይደለም። ላይኛው መንደር ድረስ ተሰማ፤ ከፋለም መሪጌታም ሰሙ። ብርሌ ሲጋጭ የሚነቃው ሰው ብቻ፣ ግድግዳ ተዋስኖ፣ ምንም አልሰማም።»

አረጋ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

«አድማሴ አጥሬ ሥር አምሽቶ አዳመጠ። ‹ቤቱ ጭጭ ያለ ነው፤ የምትሰማው ጆሮህ ውስጥ ነው። ነገ እሽጉን አነሳላታለሁ› አለኝ። ጓዳው ውስጥ ተደብቀው ይጠጣሉ፣ ግባና እይ አልኩት። ሲገባ ቀረቀርኩበት። ሲነጋ ጠጅ መሀል ተገኝቶ ይዋረድ ብዬ ነው እንጂ ይሞታል አላልኩም።»

«ሲመታስ?»

«ልጄ ከተወሰደ ጀምሮ በየሌሊቱ እሰማለሁ፤ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል። አድማሴ ድምፅ የለም ብሎኝ የለ? እኔም የለም፣ የለም እያልኩ ተኛሁ።» ድምፁ ወረደ። «ሲያቆም... ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ወይ አያ አረጋ!» አለች ገለቴ። «ልጅህን እኮ እደር ብዬው ነበር። አባቴ ይጠብቀኛል ብሎ ነው የወጣው።»

ከጥበቃዎቹ አንዱ የእሷን እጅ ፈትቶ በዚያው ገመድ አረጋን አሰረው።

«መቶ አለቃ» አሉ መሪጌታ። «እኛንስ? ሁላችንም ሰምተናል።»

«ሰምቶ የተኛን የሚያስር ሕግ የለኝም፣ አባቴ።»

«እኛ ግን አለን» አሉ መሪጌታ። ጥምጣማቸውን አውርደው ከአፈሩ ላይ ተቀመጡ።

ገለቴ የጓዳውን በር እስከ መጨረሻው ከፍታ በድንጋይ አስደገፈችው። ከዚያ ወደ ቤቷ ሳትገባ ወደ ላይኛው መንደር ሄደች።