ሔራን አያቷን ጠራች

ወጣቱ አዝማር የጀግናው የቤትራን የልጅ ልጅ ተብሎ በናህራ ዙፋን በተቀመጠበት ቀን የአገሩ ምንጭ ደም አፈለቀ፤ ወዲያውም ነጠፈ። የውሃው ጠባቂ ዘንዶ ጉምራ ከዋሻው ሆኖ ምድሩን አናወጠ፦ «በሐሰት ስም አነገሣችሁ! ንጉሡ ወይም እህቱ የአያታቸውን ስም አስተካክለው ካልጠሩልኝ ውሃ የለም! የዋሸኝን እውጣለሁ!»

አዝማር ሄዶ «ቤትራን!» ብሎ ፎከረ፤ ተዋጠ። አገር ጉድ አለ። ታናሽ እህቱ ሔራን እንባዋን ጠርጋ ተነሳች። የተከተሏት «እስከ ሞት አልለይሽም» ብሎ የማለው የጦር አለቃ ዶቃርና የአባቷ እህት እመት ሲላም ብቻ ነበሩ።

በጨው በረሃው ሲጓዙ አንድ ሐሳብ ሔራንን እረፍት ነሳት። በናህራ ልማድ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ማቋን እስክታወልቅ የወለደችው ሁሉ የሟቹ ልጅ ተብሎ ይቆጠራል። አያቷ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ማቋን አላወለቀችም።

«አክስቴ፣ ቤትራን የሞተው በከበባው ክረምት ነው። አባቴስ መቼ ተወለደ?»

«ተይ ልጄ፣ ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ።»

«ወንድሜን በልቶታል እኮ!»

የእመት ሲላም ድምፅ ተሰበረ። «ከሦስት ክረምት በኋላ ነው። የቤትራን ልጅ እኔ ነኝ። የአባትሽ አባት እንጨት የሚፈልጥልን ምርኮኛ ነበር፤ ጓዱር የሚባል የሳራቅ ሰው። እናቴ ወደደችው። አባትሽ እንደተወለደ ጓዱርን ሰቀሉት። እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። ወይኔ፣ አዝማርን ዝምታዬ በላው!»

ሳራቆች በዚያ ከበባ ናህራን ያቃጠሉ ጠላቶች ናቸው፤ ደማቸው ያለበት ሰው ከምንጩ ጠብታ እንዳይቀምስ የናህራ ሕግ ይከለክላል። ሔራን የጓዱርን ስም ብትጠራ በገዛ አፏ በራሷ ላይ መፍረዷ ነው። ተናደደች፤ ፈራችም። ቢሆንም በየቤቱ ሕፃናት በጥም እየረገፉ ነበር።

በዋሻው ደጅ ቆማ ጮኸች፦ «እኔ ሔራን የጓዱር የልጅ ልጅ ነኝ! እንጨት ፈላጩ፣ የተሰቀለው፣ የሳራቁ ጓዱር አያቴ ነው!»

ጉምራ ራሱን ዝቅ አድርጎ ከመንገዱ ገለል አለ። ውሃው እያጓራ ወደ ናህራ ወረደ።

ዶቃር ተንበርክኮ እስኪበቃው ጠጣ። ሲነሳ ጦሩን በእሷና በውሃው መካከል ዘረጋ፤ ዓይኗን ማየት ግን አቃተው።

«እመቤቴ፣ ሕግ ነው» አለ።

«እርስዎ እንኳ ይጠጡ፣ አክስቴ» አለች ሔራን።

የእመት ሲላም ከንፈር በጥም ተሰነጣጥቋል። ውሃውን ትክ ብለው አዩት።

«አባቷ ወንድሜ ነው!» አሉ ወደ ዶቃር ዞረው። «የወንድሜን ልጅ አስጠምቼ በምን ጉሮሮዬ ልጠጣ!»

የሔራንን እጅ ያዙና ሁለቱም ወደ ጨው በረሃው ተመለሱ።