ጀይሉ የጠረጠረው ደብተር

የሸሕዲው ጀይሉ ሃያ ዓመት ሙሉ ትራክተር የነዳ፣ ጎረቤት ሁሉ የሚወደው ሰው ነው። አንድ አመል ብቻ አለበት፤ ያልገባውን ነገር ሁሉ ይጠረጥራል።

አንድ ቀን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን የልጁን የከውሰርን ደብተር ገልጦ አነበበ፤ «መጠነ ቁስ ያለው ነገር የብርሃንን ፍጥነት ሊደርስበት አይችልም።»

«ማን ነው የከለከለው?» አለ ሚስቱን ረፊቃን።

«ምኑን?»

«መድረሱን ነዋ! ደህና ሞተር ካለ የማይደረስበት ፍጥነት የለም። ይሄ አዲሱ መምህር ዋሴ ‹አትችሉም› እያለ የልጆቹን ወኔ ሊሰልብ ነው የመጣ። ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ያስጠናል። ለምን በነጻ?»

«ሂድና ጠይቀዋ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ውሸታም ተጠይቆ እውነት ይናገራል?»

ብሔራዊ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከውሰርን ከትምህርት ቤት አስቀራት።

በአራተኛው ቀን ከውሰር ምሳውን ይዛ እርሻ ስትደርስ፣ የሰኔ ዝናብ ባራሰው ዋልካ አፈር ትራክተሩ ተይዟል። ጀይሉ ነዳጅ ይረግጣል፤ ጭቃው በጎማው ላይ እየተጠቀለለ ይወፍራል፤ ትራክተሩ በተረገጠ ቁጥር ፈቀቅ የሚለው እያነሰ ሄደ።

«አባ፣ ይህን ያህል ናፍጣ ጨምረው ፍጥነቱ የት ገባ?»

«አይታይሽም? ጎማው ጭቃ አዝሎ! የምሰጠውን ሁሉ ሸክሙ በላው።»

«እኔም የጻፍሁት ይህንኑ የሚመስል ነው።»

ሞተሩን አጠፋና ዓይኑን አጥብቦ አያት። «እንዲህ በይው ያለሽ መምህሩ ነው?»

«እሳቸው ትራክተር ላይ ወጥተውም አያውቁ!»

«ጭቃ ግን ይጠረጋል። ጠርጌው ብነዳስ?»

«ልዩነቱ እሱ ነው። እዚያ የሚጠረግ ጭቃ የለም። ነገሩ ራሱ በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ማፍጠን እየከበደ ይሄዳል። ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ መጠን ለትንሿ ጭማሪ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ጨርሶ ለመድረስ የዓለም ናፍጣ ቢቀዳለት አይበቃውም። ማንም አልከለከለም አባ፤ ተፈጥሮው ነው።»

«ብርሃንስ እንዴት ቻለ?»

«መጠነ ቁስ የለውማ፤ የሚከብድ ነገር የለበትም።»

ጀይሉ ከትራክተሩ ወረደ። «በነዚህ ቀናት ምን አመለጠሽ?» አላት።

ከውሰር አንገቷን ደፋች። «የክለሳው ግማሽ።»

ምሳውን አልቀመሰም። በጭቃ ጫማው አብሯት ትምህርት ቤት ሄደ።

«መምህር፣ ጠርጥሬዎት ነበር፤ ይቅር በሉኝ» አለ። «አሁንም ግን አንድ ነገር እጠረጥራለሁ። የብርሃንን ፍጥነት የለካው ማን ነው? በምንስ ለካው?»

መምህር ዋሴ ስቀው ወንበር ሳቡለት።

ወገኖቼ፣ መጠርጠር ነውር የለውም፤ ጀይሉም እስከ ዛሬ አልተወውም። ጥፋቱ ጥያቄውን ለራሱ ይዞ ልጁን ቤት ማስቀመጡ ነበር። እናንተም ደብተር ገልጣችሁ ያልገባችሁን ካያችሁ፣ ልጅቷን ከማስቀረታችሁ በፊት ወደ ክፍሏ ጎራ በሉ። ወንበር አይጠፋም።