ከሳጉሬ በላይ ያለው መታጠፊያ

የአቶ ኃይለየሱስ ሬሳ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሳጉሬን አልፎ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከመታጠፊያው በታች ካለው የገብስ ማሳ ውስጥ ተገኘ። ሞተር ሳይክላቸው አሥር እርምጃ ወዲያ ተጋድሟል። ሌላ ሰው አልነበረም።

የሚኖሩባት አሰላ ግን መቼ ምርመራ ትጠብቃለች! እሁድ ጠዋት ሰው ከቅዳሴ ሳይመለስ ፍርዱ ተሰጥቶ አድሯል። «ራሱን ነው የገደለው» ተባለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከብት ሲከትቡ በዚያ መንገድ በሞተር የተመላለሱ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ሄልሜት፣ መታጠፊያውን ትተው ቀጥ ብለው ገደል ሲገቡ ሌላ ምን ይባላል? ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗል። አንድ ልጃቸው በቆጂ ታስተምራለች። ማታ ማታ ሬዲዮናቸውን ጮክ አድርገው ይከፍቱ የነበረው ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ነው፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ገብቶ የጠየቃቸው ግን የለም። ሐሜት ላይ ሲሆን ጊዜ አይጠፋም።

ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጠረ። ቄስ ወልደአማኑኤል ግን አንገታቸውን ደፍተው «ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም፤ እኔም አዝናለሁ» አሉ።

ልጃቸው ፀዲ ይህን ስትሰማ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። የትራፊክ አደጋ መርማሪዋ ኢንስፔክተር ተናኘወርቅ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ ምላሰ ስለታም ሴት ናት።

«ሐሙስ ደውሎ ልምጣ አለኝ» አለች ፀዲ። «ፈተና እያረምኩ ነው፣ በዚህ ሳምንት አትምጣ አልኩት።»

«እሱስ ምን አለሽ?»

«‹እሺ ልጄ፣ እጠብቃለሁ።› ሁልጊዜም እንደዚሁ ነው የሚለው። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ኢንስፔክተር።»

«ቆይ እስቲ! ማን እንደገደለው መናገር የእኔ እንጀራ ነው፤ እንጀራዬን አትንጠቂኝ። ተነሽ፣ ቦታውን እንየው።»

መንገዱ ጭር ብሏል። ሞተሩን የሚጠብቀው ሚሊሻ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። መታጠፊያው ሲጀምር ገር ይመስላል፤ ከመሐሉ በኋላ ግን ወደ ቀኝ እጥፍ ይላል።

«አባዬ ይህን ሞኝ ማጥመጃ ይለው ነበር» አለች ፀዲ። «ሲያስተምረኝ ‹የመንገዱ ሁለት ጠርዝ ወደፊት የሚገናኝበትን እይ። ከአንቺ እየሸሸ ከሄደ ንጂ፤ ወደ አንቺ ከተጠጋ ቀንሺ› ይለኝ ነበር። እዚህ ሁልጊዜ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚገባው።»

ተናኘወርቅ ሞተሩን አየች። ማርሹ አራተኛ ላይ ነው። አስፋልቱ ላይ የቀረው የፍሬን ምልክት አንድ ብቻ፣ የኋላ ጎማ የጎተተው ነው። ሞተሩን ከሚሊሻው ጋር አቁማ ወጣችበት፤ ያልተሰበረው የቀኝ መስታወት ከኋላዋ ያለውን መንገድ ቁልጭ አድርጎ አሳያት። ብሎኑን ነካካችው፣ ጥብቅ ነው። ከዚያ የግራ እጀታውን ላስቲክ ጨበጠች። የዓመታት መዳፍ ያጎደጎደው ቦታ ከላይ መሆን ሲገባው ወደ ታች ዞሯል።

«ሬሳውን ስታገኙት እንዴት ነበር?» ስትል ሚሊሻውን ጠየቀችው።

«በጀርባው ተኝቶ። የዝናብ ልብሱ ተጣጥፎ ከራሱ ሥር ነበር። ስልኩም ኪሱ ውስጥ ነው።»

«ሄልሜትስ?»

«አላየንም።»

«አባዬ ያለ ሄልሜት በር ድረስ እንኳ አይሄድም» አለች ፀዲ።

ተናኘወርቅ ሞተሩን አስጭና ተመለሰች።

ለሟቹ ቅርብ የነበሩት ሦስት ወንዶች ናቸው፤ ወደ ጣቢያው አስጠራቻቸው። መጀመሪያ የሥራ ባልደረባቸው ወንደሰን ገባ፤ ቁመቱ የመብራት እንጨት ነው።

«ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጣልተናል። ዐይናቸውን ሞራ ይዞታል። መስክ እንዳይወጡ ለአለቃችን ነገርኩባቸው። ለራሳቸው ብዬ ነበር፤ ሰላምታ ነሱኝ።»

ቀጥሎ ሞተር ሠሪው ኤቢሳ፣ አጭርና ደልደል ያለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ፍሬኑን ሐሙስ ነው የሠራሁት። የፊቱን በእጅዎ ጨበጥ ቢያደርጉት ቀጥ ያደርጋል። ይፈትሹት!»

«ፈትሼዋለሁ፣ አትቆጣ። መስታወቱስ?»

«በረጅሙ ቁመታቸው ልክ አድርጌ አጠበቅኩት። እኔማ እዚያ ላይ ብወጣ ሰማይ ነው የማየው።»

መጨረሻ ላይ ጉቱ መጣ። ከአቶ ኃይለየሱስ ጓሮ ቤት የተከራየ ባጃጅ ነጂ ነው፤ እሱም አጭር ነው። ዐይኑ በለቅሶ ቀልቷል፣ መዳፉ ተልጧል።

«እጅህን ምን ነካህ?»

«ጎማ ስቀይር ነው። ቅዳሜ ሁሩታ ነበርኩ፣ ሰው አድርሼ።»

«ሞተር ትነዳለህ?»

«ኧረ እኔ! ሦስት ጎማ ይበቃኛል።»

በሰባት ሰዓት ሁሉም ጣቢያው ግቢ ተሰበሰቡ። ፀዲ በጥቁር ነጠላዋ ተጠቅልላ ለብቻዋ ቆመች። ቄሱም ተጠርተዋል። ሞተሩ በመሐል በእግሩ ቆሟል።

«አባቴ፣ ራሱን የሚገድል ሰው ትራስ ያዘጋጃል?» ስትል ተናኘወርቅ ቄሱን ጠየቀቻቸው። «አቶ ኃይለየሱስ እግራቸውም የጎድን አጥንታቸውም ተሰብሯል። የዝናብ ልብሳቸውን አጣጥፎ ከራሳቸው ሥር ያደረገው ሌላ ሰው ነው። ሄልሜታቸውም በእግሩ አልሄደም። ሌባ ቢሆን ስልኩን አይተውም ነበር። ሄልሜቱ የሄደው ሰው ራስ ላይ ሆኖ ነው።»

ተናኘወርቅ ወደ ሞተሩ ተጠግታ መስታወቱን በጣቷ ነካች።

«ሄልሜት አንድ ብቻ ሲሆን የሚያደርገው የሚነዳው ነው። ስለዚህ ሟቹ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። መስታወቱም ይህንኑ ይናገራል። ሐሙስ በረጅም ሰው ልክ የታሰረው ቅዳሜ ለእንደ እኔ ዓይነቷ ድንክ ተስተካክሎ፣ እንደገና ጠብቋል። ወንደሰን፣ ቁመትህ አዳነህ።»

ወንደሰን ትንፋሹን ለቀቀ። ኤቢሳና ጉቱ ሳያስቡት ተያዩ።

«አሁን ሦስታችሁም በየተራ ውጡበት። አራተኛ ማርሽ ላይ ናችሁ እንበል፤ ዐይናችሁን ጨፍኑ።»

ወንደሰን ወጣ። «ቀንስ!» ብላ ጮኸች። ግራ እግሩ ማርሹን ረገጠ፣ ቀኝ እጁ የፊቱን ፍሬን ጨበጠ። ኤቢሳም እንዲሁ አደረገ።

ጉቱ ወጣ። ጨፈነ። ተናኘወርቅ አልቸኮለችም፤ ዞር ብላ ከበስተኋላው መጣችና ጆሮው ሥር «ቀንስ!» አለችው።

የጉቱ ግራ አንጓ እጀታውን ጠመዘዘ። ቀኝ እግሩ ፍሬኑን ረገጠ። ግራ እግሩ ከነጭራሹ አልተንቀሳቀሰም።

«ባጃጅ» አለች ተናኘወርቅ ቀስ ብላ። «የባጃጅ ማርሽ በግራ እጅ ይጠመዘዛል፣ ፍሬኑም በእግር ነው። በሞተር ላይ ግን የግራ እጀታ ቢጠመዝዙት ላስቲኩ ይዞራል እንጂ ማርሽ አይቀንስም። ላስቲኩ ዞሯል። ማርሹ አራተኛ ላይ ቀርቷል። የፊቱን ፍሬን ማንም አልነካውም። ኤቢሳ በእንቅልፍ ልቡ እንኳ ይህን አይሳሳትም። ልማድ ክፉ ነው፣ ጉቱ፤ ስንደነግጥ እሱ ነው የሚነዳን።»

«ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ!» ብሎ ጉቱ ከሞተሩ ወርዶ መሬት ተቀመጠ። «ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ። ዐይናቸው መታጠፊያ አላሳይ ስላላቸው። ‹ልጄን ለማየት የሚወስደኝ ልጅ አገኘሁ› እያሉ ደስ ብሏቸው ነበር። ቅዳሜ ደጇ ድረስ ሄደን፣ አይተናት ብቻ ልንመለስ ነበር። ሄልሜቱን የሚነዳው ያድርግ አሉኝ። መታጠፊያው ላይ ‹ተጠጋን፣ ቀንስ!› አሉኝ… እጄ…» አልጨረሰውም።

ቄስ ወልደአማኑኤል መስቀላቸውን ከደረታቸው ላይ አነሱ። «ዲያቆኑን ጥሩልኝ። ፍትሐቱ በሙሉ ሥርዓቱ ይደረጋል። እኔንም ይቅር ይበለኝ» አሉ።

ፀዲ ግን አልሰማቻቸውም። ወደ ጉቱ ተጠጋች።

«ወዲያው ነው የሞተው?»

ጉቱ ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ንገራት» አለች ተናኘወርቅ። «ሬሳቸውን የመረመረው ሐኪም ከግማሽ ሰዓት በላይ በሕይወት ነበሩ ብሏል።»

«ራሳቸውን ደገፍኩላቸው። ‹ሂድ፣ ሰው ጥራ› አሉኝ። መንገድ ላይ ስወጣ አውቶቡስ መጣ። የሞተር መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ገደልክ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ባሕር ዛፍ ውስጥ ተደበቅኩ። ከዚያ… አልተመለስኩም።»

«አባዬ ሌላስ ምን አለህ?» አለች ፀዲ።

«‹አይዞህ ልጄ፣ ቀስ ብለህ ሂድ› አሉኝ። ‹እኔ እጠብቃለሁ።›»

ፀዲ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል መደወል ጀምሯል። ጉቱ እዚያው መሬት ላይ እንዳለ እሷም ከአጠገቡ ተቀመጠችና፣ ሁለቱም አለቀሱ።