ሃያ አምፔር

ሐጂ ሉቅማን መልሳቸውን ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንደሚሰጡ ሚክዳድ ልጃቸውን እንዲጠይቁለት ለላካቸው ሽማግሌዎች ነግረዋቸው ነበር። «ልጁ ባለሙያ ነው፤ ግን ይቸኩላል» ማለታቸውንም ሚክዳድ ሰምቷል። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት የኤሌክትሪክ መለኪያውን ይዞ ከሳቢያን ሰፈር ወደ መጋላ ሲሄድ እንዳይቸኩል ራሱን እየመከረ ነበር።

የጠሩት ለሥራ ነው። ሐጂ በቤታቸው ጣፋጭ ሐልዋ እያሠሩ ለሰርግ ያቀርባሉ። ለቅዳሜ ትልቅ ትእዛዝ ስለመጣ ሦስት መጣጃ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝተዋል። ማወቅ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የግድግዳው አሮጌ ገመድ ምድጃውን ይችለዋል ወይስ አይችለውም።

ከልጃቸው ከቱሪያ ጋር የተዋወቀውም በኤሌክትሪክ ነበር። ከዓመት በፊት የጎረቤት መስመር ሲጠግን፣ ቀትር ላይ አምፖላቸው ለምን እንደሚደክም ጠየቀችው። ገበያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚጠቀም ቮልቱ ከ220 ይወርዳል አላት። በማግስቱ ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች። የእሷ ጥያቄ ሲያልቅ እሱ መጠየቅ ጀመረ።

ምድጃው እስኪግል ጠብቆ ለካ። እሱ እየጠራ እሷ የካርቶን ክዳን ላይ ጻፈች፤ 176 ቮልት፣ 16 አምፔር። ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል የምድጃው ሬዚስታንስ 11 ኦም ሆነ፤ ሁለቱ ሲባዙ ኃይሉ 2816 ዋት። ገመዱ እስከ አሥራ ስምንት አምፔር ይሸከማል።

«ይሄ አሥራ አንዱ አይለወጥም?» አለች ቱሪያ፣ ዓይኗን ከካርቶኑ ሳታነሳ።

«የምድጃው የራሱ ነው። የፈለገው ቮልት ቢመጣ ያው ነው።»

ጣቶቿን እያየ ስለነበር የገዛ መልሱን አልሰማውም።

ሐጂ ከበሩ ሆነው «አሳጥረህ ንገረኝ፤ ይችላል?» አሉ።

በፊውዙ ቦታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ታስሮ አይቷል። ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጥ ብሬከር እስካስገባ ድረስ ምድጃውን አትክፈቱት ማለት ነበረበት። ሐጂ ግን የሚጠብቁት አንድ ቃል ነበር።

«ይችላል፣ ሐጂ» አለ።

መስጊድ ውስጥ ሐጂ ሉቅማን ሁለት ረድፍ ከኋላው ተቀመጡ። ዓይናቸው ትከሻው ላይ ያረፈ እየመሰለው የኢማሙን ኹጥባ ለመስማት ታገለ። ከራሱ በላይ የጣሪያው ማራገቢያ እየተጎተተ ይዞራል፤ ክንፎቹ አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ክንፎቹን መቁጠር አልቻለም።

ቀና አለ። ማራገቢያውን ማንም አልነካውም። ሱቆቹ ለጁምዓ ተዘግተዋል፤ ወፍጮው ቆሟል፤ ብየዳ ቤቱ ቆሟል። ቮልቱ ወደ 220 እየተመለሰ ነው። አሥራ አንዱ ደግሞ አይለወጥም። 220 ለ11፣ ሃያ አምፔር። 220 በ20፣ አራት ሺህ አራት መቶ ዋት። በዚያ ገመድ፣ ያለ ፊውዝ። እናቷ ወደ ሰርግ ቤቱ ስለሄዱ ሐልዋውን የምታማስለው ቱሪያ ብቻዋን ነበረች።

ኢማሙ እየተናገሩ ሰው አይነሳም። ከሰው ሁሉ ደግሞ ዛሬ መነሳት የሌለበት እሱ ነበር።

ተነሣ። ሲያልፍ የሐጂን ፊት አየው፤ የጠረጠረውን ያገኘ ሰው ፊት ነበር።

ደጅ ላይ ስልኳን ሞከረ፤ አታነሳም። ባጃጆቹ ባለቤት አጥተው ቆመዋል። ሮጠ። የተዘጋ ሱቅ ባለፈ ቁጥር ገመዱ ላይ ጭነት የጨመረ እየመሰለው ሮጠ። ጫት ሻጯ ሳሕራ «አቦ፣ መስጊዱ እኮ በዚያ ነው፤ ሰይጣን ነው እንዴ የሚያባርርህ?» ብላ ሳቀችበት።

የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከቅያሱ ጀምሮ ተቀበለው። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ልጅቷ ብቻዋን ያለችበት ቤት ነውና ደፉ ላይ ቆሞ ተጣራ።

«ቱሪያ! አጥፊው!»

ምንም ድምፅ የለም። ደፉን ሊሻገር አንድ እግሩን አነሣ።

«ጠፍቷል» አለች ከውስጥ። «ከቆጣሪው ነው ያጠፋሁት።»

ካርቶኑን ይዛ ወጣች። ምድጃው ከጠዋቱ ይልቅ ሲቀላባት ከእሱ ቁጥሮች ሥር የራሷን ጽፋለች፤ 220 ለ11፣ 20። ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

«እንደማይለወጥ የነገርከኝ አንተ ነህ» አለች። ካርቶኑን አዞረችለት። «ታዲያ አባቴን ለምን ይችላል አልካቸው?»

«ፈርቼ።»

«ምኑን?»

«አይችልም ካልኩ አንቺንም የሚከለክሉኝ መስሎኝ።»

ሐጂ ከሶላት እስኪመለሱ ድረስ ከደፉ ወዲህና ወዲያ ቆመው ጠበቁ።

ሐጂ በመካከላቸው አልፈው ገቡ። የሰርጉ ሐልዋ ድስቱ ውስጥ ደርቋል። ገመዱ የሚያልፍበትን ግድግዳ በመዳፋቸው ነኩና ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ። ካርቶኑን ከልጃቸው ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጠዋት ይችላል ብለኸኝ ነበር።»

«ተሳስቻለሁ፣ ሐጂ። የለካሁት ሱቆቹ ክፍት ሆነው ነው። ፊውዙንም አይቼ ዝም ብያለሁ። ቤቱን ያተረፈችው ቱሪያ ናት።»

ሐጂ ካርቶኑን አጣጠፉት። ዓይናቸው ወደ መሬት ወረደ፤ የሚክዳድ እግሮች ባዶ ነበሩ፣ ከደፉም ውጭ ነበሩ።

«ጫማህ መስጊድ ቀርቷል» አሉ። «ሂድና አድርግ፤ ጁምዓ ስላመለጠህ ዙህርህንም ስገድ። ከዚያ ብሬከሩን ይዘህ ና።»

ዞር ብለው ወደ ጓዳ ሲገቡ ድምፃቸው ብቻ ተመለሰ።

«የጋብቻው ኒካህ ከብሬከሩ በኋላ ይደርሳል።»

ቱሪያ በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ሚክዳድ የረገጠው ድንጋይ እንደሚያቃጥል ገና ያኔ ታወቀው።