ሙቀቱ ነው

የሥራ ባልደረቦቿ «በረዶ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በጠባይዋ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የምትውለው አበባ በሚከማችበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ነው። በጋ ከክረምት ካፖርት ደርባ፣ የሱፍ ካልሲ አጥልቃ ጽጌረዳ ስታስር ትውላለች። ማታ ቤት ስትገባ አክስቷ ገና ከበሩ እጆቿን ትቀበልና በመዳፎቿ መካከል አድርጋ ታሻቸዋለች። «እንደው የሰው እጅ አይመስልም እኮ» ትላታለች፣ ሁልጊዜ። ወላጆቿን በልጅነቷ ያጣችው በረዶ ያደገችው በነዚያ መዳፎች ነው።

ችግሩ የመጣው በፋርማሲስቱ በኩል ነው። ችግር ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ሰውየው ወርቅ ነው። የአክስቷን የደም ግፊት መድኃኒት ራሱ ይዞ ይመጣል፣ ደረጃ ስትወጣ ክንዷን ይይዛል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ላግባሽ ብሏታል፤ እሑድ መልሱን ሊሰማ ይመጣል። አትጠላውም። ትወደው እንደሆነ ግን ራሷን ብትጠይቅ ብትጠይቅ የሚመልስላት ጠፋ።

«ልቤ አይመታለትም» አለች አንድ ቀን ለአክስቷ።

«ልብ የሚመታው ለሩጫ ነው» አለቻት አክስቷ። «ትዳር በእርምጃ የሚኬድ ነገር ነው። ዓይኔ ሳይከደን ጥሩ ሰው እጅ ላይ ልይሽ።»

 

መላ አገኘሁ ያለችው የሥራ ጓደኛዋ ናት። «ሙቅ ዮጋ ሂጂ። እንደ ምድጃ በሚግል ክፍል ውስጥ እየተዘረጋጋሽ ላብሽ ሲወጣ ጭንቅላትሽም ይጠራል» ብላ የራሷን መግቢያ ካርድ ሰጠቻት። በረዶ ዮጋ በዞረበት ዞራ አታውቅም። ግን ግራ የገባው ሰው የማይገባበት በር የለምና ዓርብ ከሥራ በቀጥታ ሄደች።

በር ላይ ያለችው ልጅ ጫማና ካልሲዋን አስወልቃ ወደ ውስጥ አመለከተቻት። ስትገባ ሙቀቱ ትንፋሿን ቀማት። ቀድማ ስለደረሰች ክፍሉ ውስጥ ከአንድ ሰው በቀር ማንም አልነበረም። ሰውየው ባዶ እግሩን፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በሆዱ ተኝቷል። ጆሮውን ወለሉ ላይ ለጥፎ ዓይኖቹን ጨፍኗል።

አሰልጣኙ መሆን አለበት፣ አለች በልቧ። በር ላይ የሰጧትን ምንጣፍ አጠገቡ ዘረጋች፣ በሆዷ ተኛች፣ ጆሮዋን ለጠፈች።

ሰውየው አንድ ዓይኑን ገልጦ አያት። ወደ ግራ ትንሽ ተሳበ። እሷም ተሳበች። ተነስቶ አንድ እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ መዳፉን ቀስ እያለ አገላበጠ። እሷም አገላበጠች። ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ግድግዳው ሥር አጮልቆ አየ። እሷም የምታየው ነገር ባይኖራትም አጮለቀች።

«ይሰማሻል?» አላት በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ትንሽ ትንሽ» አለች። መዋሸቷ አልነበረም፤ በእርግጥ የሆነ ነገር ይሰማት ነበር።

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

«የሚመታ። ፈጠን ፈጠን የሚል።»

«በየት በኩል?»

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እዚህ ጋ።»

ሰውየው ትክ ብሎ አያት። ይሳቅባት ይደንግጥላት የቸገረው ይመስላል። «እኔ እንኳ የምፈልገው የቱቦውን ነበር» አላት። «ማሞቂያው የሆነ ቦታ ያፏጫል ብለው ጠርተውኝ ነው። የጥገና ሠራተኛ ነኝ።»

ይህን ሲል በሩ ተከፈተና እውነተኛዋ አሰልጣኝ ሰዎቿን አስከትላ ገባች። በረዶ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ መሬቱ ግን ገና በጥገና ላይ ነው።

«ልባችሁ ቶሎ ቶሎ ቢመታ አትደንግጡ፤ ሙቀቱ ነው» አለች አሰልጣኟ ስትጀምር። ጠጋኙ ጥጉ ላይ ተቀምጦ መፍቻ ያዞራል። በረዶ በብብቷ ሥር አጮልቃ አየችው፤ ልቧ መታ። ሙቀቱ ነው። በአንድ እግሯ ቆማ ደግማ አየችው፤ ወደቀች። ይኼም ሙቀቱ ነው። ስትነሳ እሱ ራሱ ሲያያት ደረሰችበት፤ ሁለቱም ቶሎ ብለው ዓይናቸውን ወደ ማሞቂያው አዞሩ። ከዚያ ክፍሉ ዞረባት።

ኮሪደሩ ላይ አውጥተው ሲያስቀምጧት ውሃ ያመጣላት እሱ ነው። ራቅ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጊያለሽ?»

«ምን?»

«ጠጋኝ መከተል።»

ሳቋ አመለጣት። ሳቋን እንባዋ ተከትሎት መጣ፤ ለምን እንደሆነ እሷም አላወቀችም። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላልና የት እንደምትሠራ፣ ስለ አክስቷ፣ ስለ ፋርማሲስቱና ስለ እሑድ ሁሉንም ነገረችው።

«ጥሩ ሰው ነው?»

«በጣም።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

«እሱ ነው የጠፋኝ።»

መፍቻውን በጣቶቹ መካከል አሽከረከረ። 

«ከሙቀት ጋር ስኖር ስንት ዘመኔ» አለ ቆይቶ። «ልቤን እንዲህ አድርጎት አያውቅም። ዛሬ ምን እንደነካኝ እንጃ።»

«ሙቀቱ ነው» አለች በፍጥነት።

«ይሆናል» አለ እሱም። አንዳቸውም ያመኑ አይመስሉም።

ብድግ ብላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። የሱፍ ካልሲዋ እዚያው መቅረቱን ያወቀችው ቤት ደርሳ ነው።

ቅዳሜ ሥራ ላይ እያለች አለቃዋ ተጣራ። «በረዶ፣ የጥገና ሰው መጥቷል። ማቀዝቀዣው ምን ሆነ?»

ማቀዝቀዣው ምንም አልሆነም። ሰውየው በጽጌረዳ ባልዲዎች መካከል በስስ ሸሚዝ ቆሟል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ በእጁ ካልሲዋን ይዟል።

«ማን ጠራህ?» አለችው።

«ማንም።»

በረዶ ራሷን አዳመጠች። እዚህ ክፍል ትንፋሽ እንኳ እንደ ጉም ነው የሚወጣው። የሚመካኝበት ሙቀት የለም። ልቧ ግን እንደ ትናንቱ ይመታል፣ እንዲያውም ብሶበታል። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ፈራች።

«አሁንም ይሰማሻል?» አላት።

«አሁንም። አንተስ?»

«እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ስለሆነ አይለይልኝም።»

ካፖርቷን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣለችለት። «ስማ» አለችው። «ነገ ለዚያ ሰው እምቢ ልለው ነው። ባንተ ምክንያት አይደለም፤ አንተን ገና አላውቅህም። ግን የጎደለው ምን እንደሆነ አሁን አየሁት። አይቼው እሺ ብል ሰውየውን መበደል ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንጃ። ግራ ገብቶኛል።»

«እኔም» አለ። «ከሥራ ስትወጪ ግራ እንደገባን ቤትሽ ድረስ ልሸኝሽ?»

መንገድ ላይ ብዙም አላወሩም። መኪና መንገዱን ሲሻገሩ ግራ እጇን ያዘ። ከተሻገሩ በኋላም መልቀቁን ረሳው፤ እሷም አላስታወሰችውም። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ተሰናብቷት ተመለሰ።

አክስቷ እንደ ልማዷ በር ላይ ጠበቀቻት። በረዶ የምትለውን ደረጃው ላይ አሰናድታ ነበር፤ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ውለታው፣ እንዴት አድርጋ እንደማታስቀይማት። አፏን ከመክፈቷ በፊት አክስቷ እጆቿን ተቀበለቻት። ልታሻቸው ጀመረችና ቆመች። አንዱን ዳሰሰች፣ ሌላውን ዳሰሰች። ቀኙ እንደ ወትሮው በረዶ ነው። ግራው ትኩስ ነው።

አክስቷ ፊቷን ቀና ብላ አየቻት። 

«ፋርማሲስቱ አይደለም» አለች።

«አይደለም፣ አክስቴ። ይቅር በይኝ።»

አክስቷ ተነፈሰች። የሞቀውን እጅ ለቀቀችና የቀዘቀዘውን ብቻ ማሸት ጀመረች። «ማን ይባላል?»

በረዶ ወደ ደረጃው ዞር አለች። ስሙን አልጠየቀችውም።

«እንደው ምን ላድርግሽ» አለች አክስቷ፣ ቀኝ እጇንም ለቀቀችና ወደ ደረጃው ገፋ እያደረገቻት። «ገና መታጠፊያው ጋ አልደረሰም። ሩጪ።»