ቁልፍ መፍታት ያልቻለችው የልብስ ሰፊ ልጅ

ልብስ ሰፊዋ አርፋ መቀመጥ አይሆንላትም። እግሯ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ፣ እጇ ጨርቁን ሲገፋ፣ አፏ ደግሞ ልጇን ሚጡን ይጠይቃል። ያን ሰሞን ልጅቷ መዋዕለ ሕፃናት ልትገባ ስለነበር ጥያቄው ብሶበታል።

«ከሰባት ቀጥሎ?»

«ስምንት።»

«ካሬና ክብ አሳዪኝ። ቶሎ!»

ሚጡ ወለሉ ላይ የወደቀ እራፊ አንስታ ልታጣጥፍ ስትል፣ «ተይው፣ አሁን የጨዋታ ሰዓት አይደለም» ትባላለች። ጫማዋን የምታደርግላት እናቷ ናት። ምሳዋንም በማንኪያ ታጎርሳታለች፤ ልብሷንም ትቆልፍላታለች። ልጅቷ ራሷ ልሞክር ካለች ጊዜ ይፈጃላ! በዚያ ጊዜ ስንት ፊደል ይለቀምበታል።

የቀሚስ ጠርዝ የምትሰፋላት ታናሽ እህቷ አንድ ቀን ሳቋ መጣ።

«እትዬ፣ የወለድሽው ልጅ ነው ሬዲዮ? ሲከፍቱት ያወራል፣ ሲዘጉት ዝም።»

«አንቺ ሳትወልጂ ምን ታውቂያለሽ!»

«ከጎረቤት ልጆች ጋር ትጫወት እንጂ። ሰው ማናገርም ይለመዳል። ቁልፏን እንኳ ራሷ ትቆልፍ።»

«ቁልፍ ሲያድጉ የትም አይቀርም። ፊደል ያልለየች ግን ወደኋላ ትቀራለች። የኔ ልጅ የሰው መሳቂያ አትሆንም!»

ለመጀመሪያው ቀን ከደረት እስከ ወገብ ቁልፍ የተደረደረበት ቱታ ሰፋችላት። የቁልፎቹን ቀዳዳ ጠበቅ አድርጋ ስለሠራችው አንዱም ከቦታው አይነቃነቅም። ደንበኞቿ ሁሉ አደነቁላት።

በዚያ ጠዋት ወላጆች በመስኮት እንዲያዩ ተፈቅዶላቸው ነበር። መምህርቷ ስትጠይቃት ሚጡ ፊደሉን እንደ ውኃ አንበለበለችው። እናት አጠገቧ የቆሙትን ወላጆች በጎን አየት አደረገች።

ከዚያ ጨዋታ ተጀመረ። ልጆቹ በእንጨት ጡብ ቤት ሲሠሩ ሚጡ እጇን አንጠልጥላ ቆመች። አንዱ ልጅ ጡብ ሲሰጣት ወደ መስኮቱ ዞራ እናቷን አየች። ጥቂት ቆይታ እግሮቿን አጣመረች። ቁልፉን ጎተተች፤ እምቢ አላት። እናትየው ነገሩ ገብቷት በሩን ገፍታ እስክትደርስ ወለሉ ርሷል። ከልጆቹ አንዱ ሳቀ።

«ምነው ሽንቴ መጣ ብትዪ! ለምን አልተናገርሽም?»

«አልጠየቅሽኝማ» አለች ሚጡ።

መምህርቷ ልጅቷን አባብላ ልብስ ቀየረችላት። «የሚጡ እናት፣ ፊደሉ እኛም ጋ አለ። አልቻልኩም አግዙኝ ማለትን፣ እንጫወት ማለትን፣ ሳይጠየቁ መናገርን ግን ከቤት ትጀምረው።»

«ሁለተኛ አልመጣም» አለች ሚጡ እናቷ ጉያ ተሸጉጣ።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ገብታ እንኳ አላረፈችም። ሱቅና ጓዳ ተመላለሰች። የሰፈሩን ቁልፍ ሁሉ የምትተክል ሴት፣ ልጇ አንድ ቁልፍ መፍታት ያቅታት? በመጨረሻ ቱታውን ዘርግታ ጠባቦቹን ቀዳዳዎች አሰፋቻቸው። ሚጡ ቁጢጥ ብላ አየቻት። እናት ምንም አልጠየቀችም፤ አፏን መያዙ ግን ሱሪ ከመስፋት ከበዳት። ልጅቷ ቁልፍና እራፊ አንስታ ስታገላብጥ ቆየችና፣ «ይሄ ለምንድነው ቀዳዳ ያለው?» አለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጠያቂዋ ሚጡ ሆነች። እስኪመሽ እራፊ ላይ ሲቆልፉና ሲፈቱ ዋሉ።

በማግስቱ ሚጡ ቱታውን ራሷ ልትለብስ ቆመች። እናት እጇ ሲያሳክካት ጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችበት። ደጅ ላይ ደንበኛ «ኧረ ሱሪዬን!» እያለ ያንኳኳል።

«ይጠብቁ! ሥራ ላይ ነን!»

«አንዱ ቁልፍ ተዛነፈ እኮ» አለች እህቷ።

«ዝም በይ! ይዛነፍ።»

ልጅን ለትምህርት ቤት ማዘጋጀት አፉን በፊደል መሙላት ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። እጁም፣ እግሩም፣ ስሜቱም አብረው ካልተዘጋጁ ፊደሉ ብቻውን የትም አያደርሰውም።

መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ መምህርቷ ጎንበስ ብላ ሚጡን ሰላም አለቻት። ልጅቷ የእናቷን እጅ ለቀቀች።

«ሽንቴ ሲመጣ እነግርሻለሁ» አለች።

ማንም አልጠየቃትም ነበር።